ከራሴ ጋር የተጫወትኩት ዳማ

ሊይዙኝ የመጡት ሦስት ሰዎች ከቤቴ ዕቃ ሁሉ በጥንቃቄ ያወጡት ፕሮጀክተሩን ነበር። እኔን ላንድሮቨሩ ውስጥ ወረወሩኝ፤ እሱን አንዱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ታቀፈው።

ያስገቡኝ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። በድሬ ዳዋ ቀትር ቆርቆሮ ሥር ለተቀመጠ ሰው ሌላ ቅጣት መፈለግ ድካም ነው። አየር የሚገባው ከበሩ ሥር ባለች ክፍተት ብቻ ስለሆነ እዚያ አፍንጫ አስጠግቶ መተኛት በተራ ነበር።

ጥፋቴ ፊልም ነው። ወደ አገሩ የተመለሰ የባቡር መሐንዲስ ትንሽ ካሜራና ፕሮጀክተር ትቶልኝ ሄደ። አስተማሪ ነበርኩ፤ መጽሐፍ ካነበብኩ የሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የሌንሱን ግማሽ በጥቁር ወረቀት ሸፍኜ፣ ግቢዬ ውስጥ ዳማ ስጫወት ራሴን ቀረጽኩ። ከዚያ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሼ፣ ወረቀቱን ወደ ሌላው ግማሽ አዛውሬ፣ ከገበታው ማዶ ተቀምጬ ደገምኩት። ታጥቦ ሲመጣ እኔ ከእኔ ጋር በቆርኪ እጫወታለሁ። አንዳችን እናሸንፋለን።

መርማሪው ፕሮጀክተሩን ራሴን አስገጠመኝ።

“ይኼ ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ማዶ ያለውስ?”

“እሱም እኔ ነኝ።”

ለዚህች መልስ የተከፈለኝን ጥርሴ ያስታውሰዋል። “ይኼ የምንፈልገው ታናሽ ወንድምህ ነው” አለ። “ቤቴ አልመጣም ብለሃል። እስከ ነገ ጠዋት ያለበትን ታወጣለህ።”

ወንድሜ ቢዮ አዋሌ የምትባል መንደር፣ አክስታችን ዘንድ ተደብቆ ነበር። ፊልሙን ስቀርጽ ግን አጠገቤ አልነበረም።

እስር ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሦስት ቀን ቀድሞ የገባ የሲኒማ ቤት ኦፕሬተር አለ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ከምርመራ ሲመለስ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። አብሮን የታሰረ የመጋላ ገበያ ነጋዴ ገና የገባሁ ቀን “ወላሂ፣ ለዚህ ሰውዬ ሕልምህን እንኳ እንዳትነግረው፤ ጆሮ ነው” ብሎኛል።

የተመረመርኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኦፕሬተሩ ተጠጋኝ።

“አቦ፣ ማንኛውን ቀድመህ አነሳህ? ግራውን ነው ቀኙን?”

“ምን አገባህ?”

“ወንድምህ የት ነው አላልኩህም እኮ።”

ስለ ፊልሙም ስለ ወንድሜም እዚያ ቤት ውስጥ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

“ፀሐይዋስ ጠበቀችህ?” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወጥመዱን ስፈልግ አመሸሁ፤ ያገኘሁት ግን ስህተቴን ነው። መጀመሪያ የተቀረጽኩት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ፊልሙን በጨለማ ስመልስ ተጣጥፎብኝ፣ ሁለተኛውን የቀረጽኩት ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ባለመታየቱ ኮርቼ፣ መሬቱን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ መርማሪውን “እግራቸው ሥር ያለውን ይዩልኝ” አልኩት። የግራው እኔ ጥላ አጥሩ ድረስ ተዘርግቷል። የቀኙ እኔ ጥላ በርጩማው ሥር ተሰብስቧል። የገበታው ጥላ እንኳ ግማሹ ረጅም፣ ግማሹ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

“አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ጥላቸው እኩል ይወድቅ ነበር” አልኩ።

“አጭበርባሪ!” አለኝ። ከያዙኝ ጀምሮ የቀረበብኝ የመጀመሪያው ትክክለኛ ክስ ነበር። በፊልሙ የሚታዩትን ሰዎች ስም የምጽፍበት ወረቀት ሰጠኝ፤ ሁለት ቦታ ክፍት ነው። ሁለቱም ላይ የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍኩ።

ስመለስ የበሩ ተራ የእኔ ነበር። ኦፕሬተሩን ጠራሁትና “ተኛበት” አልኩት።

“ለጆሮ?” አለ ነጋዴው፣ ሁሉም እየሰማ።

“ጆሮም ይተነፍሳል።”

ኦፕሬተሩ አፍንጫውን ወደ ክፍተቱ አስጠግቶ ተኛ። ከሳምንት በኋላ “ከነዕቃህ ውጣ” ተባለ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ቤት የሚያደርስም የማያደርስም ነበር። የት እንደደረሰ አልሰማሁም።

እኔ ስምንት ወር ቆይቼ ወጣሁ። ወንድሜ ዛሬም በዳማ ያሸንፈኛል። ስለ እሱና ስለ ፊልሙ ለኦፕሬተሩ ማን እንደነገረው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ኦፕሬተሩን ላመሰግነውም ላፋጥጠውም አድራሻው የለኝም። አሁን ኮምፒውተር አንዱን ተዋናይ መቶ ሲያደርገው ልጆቼ ፊቱን እያዩ ይደነቃሉ። እኔ መሬቱን አያለሁ። የመቶውም ጥላ እኩል ይወድቃል። አላምነውም።