የዘርፈሽ ጀርባና የፋርሒያ ሜትር

ዘርፈሽ ሰነፍ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰነፍ ያሏት ሰዎች ዛሬም በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ደረታቸውን ነፍተው ስለሚንሸራሸሩ ነው። እኔ የሺአረግ፣ ጆንያ ፋብሪካው ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ የማወራው ያየሁትን ነው።

ከይፋት የመጣችው ባቡር ላይ ይሠራ የነበረውን ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ በወባ ሲሞትባት አገሬ ልግባ አላለችም፤ እኛ ዘንድ ተቀጠረች። እኛ ተቀምጠን ስንሰፋ እሷ የተሰፋውን ሃምሳ ሃምሳውን አስራ በጀርባዋ ወደ መጋዘን ታመላልሳለች። ከሁላችንም ረጅሟ እሷ ስለነበረች የመጋዘኑን በር ጎንበስ ብላ ነበር የምታልፈው። ኋላ ኋላ ግን ጎንበስ ሳትል ማለፍ ጀመረች። ይህን እያየን አንዳችንም ለምን ብለን አለመጠየቃችን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ለቁልቢ ገብርኤል አዲስ ቀሚስ ታሰፋለች፣ ሁለት ቀንም ፈቃድ ትጠይቃለች። ስለት ነበረባት። ሌላ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። ጉድ ያፈላውም ይኸው ሆነ።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ እስሯን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ቀጭ አለ። ድምፁን እኔም ሰምቼዋለሁ። ላብ አጠመቃት፤ ቀና ማለት አቃታት። ኀላፊያችን ሣህሉ መጥቶ ቆመና፦

«እትዬ ዘርፈሽ፣ ዘንድሮስ ገብርኤል ቸኮለ። ወር ሲቀረው ወገብዎን ጀመረዎት?» አለ።

«ልጄ፣ ተቀምጬ ልሥራ። ቀዳዳ ልጣፍ። ፈቃድ አይደለም የምጠይቅህ» አለችው።

«የሐኪም ወረቀት ያምጡ።»

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ራጅ አንሺው በዛብህ ሰሌዳው ፊት አቁሞ አንድ ጊዜ አነሣት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «እማማ፣ አጥንትዎ አልተሰበረም። ቁርጥማት ነው» አላት። ወረቀቱ ላይ «ለሥራ ብቁ ናት» ብሎ ጻፈ። ጀርባዋን በእጁ እንኳን አልነካትም።

ሣህሉ ወረቀቱን መኻላችን ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። «ለሥራ ብቁ ናት» የምትለዋን ሁለቴ ደገማት። የሳቁም ነበሩ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ዘርፈሽ አንገቷን ደፍታ ሄዳ እስሯን አነሣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተሸከመች፤ በየምሽቱም ግድግዳ እየተደገፈች ቤቷ ትገባለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እስኪጠራ ድረስ ጆንያውን ማን ይሸከም?

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ቁልቢ መሄድ እንደማትችል እያወቀች እንኳ፣ ቀሚሱን ላሰፋ አለችኝና ቀፊራ ገበያ ወረድን። ልብስ ሰፊው ፋራህ ሴት አይለካም። የሚለካው ሚስቱ ፋርሒያ ናት፤ እሷ ቁጥሩን ትጠራለች፣ እሱ ከመኪናው ኋላ ሆኖ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ፋርሒያ ሜትሯን በፊት በኩል ከትከሻ እስከ ወገብ ዘረጋችና ቆጣ አለች።

«ናያ ዘርፈሽ፣ ቀጥ በይ እንጂ።»

«ቀጥ ብያለሁ እኮ።»

ደግማ ለካች። ሦስተኛም ለካች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ «ወሪያ ፋራህ፣ የድሮውን አውጣ እስቲ» አለችው።

ፋራህ ገጹን ገልጦ አነበበ። የዛሬ ስምንት ዓመት ከትከሻ እስከ ወገብ አርባ አንድ። ከዐራት ዓመት በፊት ሠላሳ ስምንት። አሁን ሠላሳ ዐራት። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ግን ያን ጊዜም ዘጠና ስድስት፣ አሁንም ዘጠና ስድስት።

«ወላሂ፣ እኔ ታጥቦ ሲያጥር የማውቀው ጨርቅ ነው» አለ ፋራህ። «እግሯ ያው ነው። ያጠረው ጀርባዋ ነው።»

ደሜ ፈላ። ደብተሩን ይዤ፣ ዘርፈሽን ደግፌ፣ ፋርሒያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሦስታችን ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ፈገግ ብሎ «የልብስ ሰፊ ደብተር አመጣችሁልኝ?» አለ።

ፋርሒያ አልሳቀችም። «አቦ፣ አንተ ስንቴ ለካሃት? እኔ ስምንት ዓመት ለካኋት» አለችው።

ሐኪሙ ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመረ። በዛብህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ዶክተር» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም። በጎን አላነሣናትም።»

በጎኗ አስተኝተው አነሷት። የፊልሙ ውኃ ሳይደርቅ እኛም አየነው። የጀርባዋ አጥንቶች እርስ በርስ እንደ ተደራረበ የሳሙና ቁራጭ ናቸው፤ ሦስቱ ከፊት በኩል ተጨፍልቀዋል። ሐኪሙ ላቡን ጠረገና አስረዳን። አጥንቷ ከውስጥ እየሳሳ ኖሯል። መሳሳቱ ራጅ ላይ የሚታየው ሲሶው ካለቀ በኋላ ነው። መጨፍለቁን ደግሞ ከፊት የተነሣ ፊልም በደንብ አይለየውም፣ በጎን የተነሣ ነው የሚያሳየው።

«ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን ብቁ ናት ብለው ጻፉ?» አልኩት።

«የተጠየቅሁት ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም የሚለውን ነው» አለ።

እሺ፣ ሰው ምን ይበል? ባሕር አቋርጦ የመጣ መሣሪያ አለ፣ የተማረ ሰው አለ፣ በጎኗ ማገላበጥ የሚፈጀው ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ የቀፊራ ሜትር ከዐራት ዓመት በፊት አውቆታል።

ዘርፈሽ ጣቷን ወደ ፊልሙ ዘረጋች። «ዶክተር፣ ከሦስቱ ከወረቀትህ በኋላ የተሰበረው የትኛው ነው?»

ሐኪሙ የመጀመሪያውን ፊልም አነሣ፣ አስቀመጠው። ወንበሩን ስቦ አዲስ ወረቀት ጻፈላት።

በማግስቱ ወረቀቱን ለሣህሉ ሰጠችው። አንብቦ አጥፎ ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል «አንብበው» አለችው።

«አንብቤዋለሁ፣ እትዬ ዘርፈሽ። ከዛሬ ጀምሮ ይቀመጡ።»

«ያኛውን ያነበብከው ለሁሉም ነው። ይኸንንም እዚያው ቆመህ አንብበው።»

የስፌት መኪኖቹ አንድ ባንድ ቆሙ። ሣህሉ መኻላችን መጥቶ ቆመና ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረ። «ጮክ በል፣ ያኔ ጮክ ብለህ ነበር» አለችው። ጮክ አለ። «ሦስት የጀርባ አጥንቶች ተሰብረው...» ከሚለው ሲደርስ ድምፁ ቆመ።

«ቀጥል» አለችው ዘርፈሽ፤ ቀጠለ።