በጋቢ የተጠቀለለው ሳሙና

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰበታ እቤታችን፣ ከበሬ ሞራ የሠራሁትን ሳሙና ኮባ ባነጠፍኩበት የዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ገልብጬ በጋቢ ጠቀለልኩት። የመጀመሪያው ቶሎ ቶሎ ስገልጠው በርዶት ተሰነጣጥቆብኛል፤ ይኼኛውም ከተበላሸ ልተወው ነው። ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ እጄ በየደቂቃው ወደ ጋቢው ይሄዳል።

«እንቁላል የታቀፈች ዶሮ እንኳ እንዳንቺ አትቁነጠነጥም!» አለች በራችን ላይ የቆመችው ጎረቤታችን። አፍሬ እጄን ሰበሰብኩ።

እናቴ እየሳቀች የዱቄቱን ሳፋ ገፋችልኝ። «ይልቅ የነገውን ዳቦ አቡኪ፤ እጅሽ ሥራ ይያዝ።»

ክንዴ እስኪዝል አቦካሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ስገልጠው ሳሙናው ሳይሰነጠቅ ረግቷል። ለመታጠቢያ እስኪደርስ ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ እኔ ግን አላስቻለኝም። ትኩስ ዳቦ ይዤ የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁና «እትዬ፣ ነይ እዪልኝ» አልኳት።