የያሬድ ፌንጣዎች

ትናንት እናቴ ስንዴ እንዳስፈጭ ልካኝ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ፣ ጥጉ ላይ የተቆለለው ፉርሽካ ሸተተኝ። የወንድሜ የያሬድ አርባ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው። እስካሁን ሰው ፊት አላለቀስኩም፤ በፉርሽካ ላለቅስ ነበር።

እሱ ዘጠነኛ ክፍል፣ እኔ አራተኛ ሳለን፣ አዳማ ካለው ቤታችን የቅንጭብ አጥር ላይ አንዲት ትንሽ እስስት አገኘ። የሰፈር ልጆች የተፋችበት ሰው ጥርሱ ይረግፋል እያሉ ሲሸሹ፣ እሱ ትከሻው ላይ አድርጓት ገባ፤ ጓሮ ካለው ፓፓያ ላይ አኖራትና እሷን ለመቀለብ ፌንጣ ማርባት ጀመረ። የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጦ፣ ውስጡን ፉርሽካና የጎመን ቅጠል ሞልቶ፣ ለወባ ከታደለን አጎበር ጥጉን ቀዶ ከደነው፤ እናታችን ቀዳዳውን ያወቀችው ትንኝ ሲበላት ነው። በቲማቲም ጣሳ እርጥብ አሸዋ አስቀመጠላቸውና እንቁላል ጣሉበት፤ ከሳምንታት በኋላ ጉንዳን የሚያህሉ ፌንጣዎች ፈሉ። «ልጆቹ» ይላቸው ነበር። እስስቷ መዋጥ የምትችለው እነሱን ብቻ ነበር።

አንድ ክረምት አቦምሳ ከተማ አክስታችን ዘንድ ለሳምንት ሲሄድ፣ «ጩጬ፣ ልጆቹን አደራ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች መጡና ዕቃ ሁሉ ይውጣ አሉ። ጀሪካኑንም አወጣሁት። ግን የጎረቤት ዶሮዎች ሲከቡት ፈራሁ፤ ግድግዳው ሳይደርቅ መልሼ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሲነጋ ፌንጣዎቹ ሁሉ ሞተው በጀርባቸው ተንጋለዋል።

ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ፌንጣ ሳባርር ከረምኩና ጀሪካኑን ሞላሁት። ያሬድ ሲመለስ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

«ልጆቹስ?»

«አደጉ።»

«በአንድ ሳምንት? ምን አብልተሃቸው ነው ባክህ? እኔም ልብላው!»

አልጋው ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ቁጭ አለ። «ሁለተኛ፣ የሞተ ነገር ካለ ሞቷል በለኝ» አለኝ። «እኔ አልደነግጥም። አንተ ስትዋሸኝ ነው የምደነግጠው።» በእናቴ ስም ማልኩለት። በማግስቱ እስስቷን፣ የራሷን ታድን ብሎ፣ ቅንጭቡ ላይ መለሳት።

ዘንድሮ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ብዙ እንደማይቆይ ነገረኝ። አብሮኝ የነበረው አጎቴ ክንዴን ጨብጦ፣ «ዋ! ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» አለኝ። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው፤ የታመመው ሰው መጨረሻ ነው የሚያውቀው፣ ያውም ካወቀ። ስገባ ያሬድ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ደህና ነው፣ ይነሳል አለኝ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። አልሳቀም። «እሺ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ስለ ሕመሙ አንድም ነገር አልጠየቀኝም፤ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያመሰግነኛል። ሳላስደነግጠው በሰላም እንደሸኘሁት እናቴ ለመጣው ሁሉ ትነግራለች፤ ጎረቤቶች ተባረክ ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ለምን ዋሸኸኝ ብሎ የሚቆጣኝ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱን ቀበርኩት።