ማደያውን በውኃ አላጥብም ያለችው ምራቴ

አማት ምራቷን ስታመሰግን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ስሙ። ለተብርሃን እባላለሁ። ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት ሱቅ አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ምላሴን ይፈራዋል፤ ቢፈራውም አልፈርድበትም። ስለ ልጄ ሚስት ስለ ማናልሞሽ ግን ክፉ ቃል አይወጣኝም፤ ዝም ካልኩም ይቆጨኛል።

ማናልሞሽ የጌጫ አገር ልጅ ናት። ሥራ ፍለጋ ሚዛን እንደመጣች በመጀመሪያ የገባችው ከእኛ ሰፈር ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ባለው የእሸት ቡና ማጠቢያ ነበር። እዚያ ቀዩ ቡና ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በእንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። እሷ ከአልጋው ላይ የተበላሸውን ትለቅም ነበር። አንድ ዓመት ገዢው ቡናውን አሽትቶ «ይሄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አለና መለሰው። ገበሬዎቹ ከሰሩ፣ ለቃሚዎቹም ሥራ አጥተው ከረሙ። ናፍጣው ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ልጄን ይትባረክን አግብታ እዚሁ ማደያ ነዳጅ ቀጂ ሆና የተቀጠረችው። የሥራውን ሽታ አልወደድኩላትም፤ ማታ ስትገባ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጣል አደርግ ነበር። እሷ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። ሥራዋ ላይ ስትቆም ግን ቀልድ የለም። ባለ ባጃጁ ቢነዘንዝ፣ የኢሱዙው ሹፌር ቢቆጣ፣ እስኪገነፍል አትሞላም። «ትንሽ ጨምሪበት እንጂ» ሲሏት «ትርፉን መሬት ነው የሚጠጣው» ብላ መቅጃውን ትሰቅለዋለች።

የማደያው ባለቤት አቶ አስረስ ንጽሕና የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። ያኔ በየማለዳው ወለሉ በዱቄት ሳሙና ይፈተግና ውኃ ይለቀቅበታል። ሲሚንቶው እንደታጠበ ሳህን ሲያበራ መንገደኛው ሁሉ ያደንቃል። ሳሙናው የሚገዛው ከእኔ ሱቅ ስለነበር እኔም ከአድናቂዎቹ አንዷ ነበርኩ። አረፋው የት እንደሚገባ የጠየቀ አልነበረም።

ማናልሞሽ ግን አንድ ቀን አረፋውን ተከትላ ወረደች። ቦዩ ከማደያው ጀርባ ቁልቁል ይሄዳል፣ የሰው ጎደሬ ማሳ ጥግ ጥጉን ያልፋል፣ ከቡና ማጠቢያው ትንሽ ከፍ ብሎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ማታ እራት ቀርቦላት አልበላም አለች።

«እማዬ፣ ያ ቡና የተመለሰው በዚህ እጥበት ነው» አለችኝ። «እኛ አጸዳን እንላለን፤ ናፍጣውን ግን ታች ማጠቢያው ላሉት ነው የምንልክላቸው።»

በማግስቱ ለአቶ አስረስ ነገረቻቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ሰሟት። ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ አናጺዎች ሰጋቱራ በጆንያ ታመጣለች፤ ናፍጣ ጠብ ሲል ሰጋቱራ ትበትንበታለች፤ ሲጠጣ ጠርጋ ክዳን ባለው በርሜል ታጠራቅመዋለች። አቶ አስረስ ግን «እንግዳ ሲመጣ በውኃ ይታጠባል» የምትለዋን ነገር አልተውም አሉ። እኔም የሳሙና ደንበኛዬን አጣሁ፤ ለምራቴ ስል ቻልኩት።

ያ የተባለው እንግዳ ኅዳር ላይ መጣ። የነዳጅ ኩባንያው ሰዎች ማደያውን አይተው ውል ያድሱ አያድሱ ሊወስኑ ነበር፤ አቶ አስረስም እስከ ጅማ ሄደው ሊቀበሏቸው ወጡ። በዚያው ጠዋት ነዳጅ የጫነ ቦቴ መጥቶ ሲያራግፍ ነዳጁ የሚወርድበት የጎማ ቱቦ ከመጋጠሚያው ወለቀ። ሹፌሩ ቶሎ ዘጋው እንጂ ናፍጣው በግቢው ተዘርግቶ ወደ ቦዩ እየሄደ ነበር። ማናልሞሽ «ሞተር አጥፉ፣ ማንም እንዳይገባ» ብላ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ እየጎተተች የቦዩን አፍ ደፈነችው።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። እጇ በናፍጣ ስለራሰ፣ ከሱቄ ሮጬ የደረስኩት እኔ ነኝ ይዤ ድምፁን ከፍ ያደረግኩላት።

«ሹፌሩ ነግሮኛል» አሉ አቶ አስረስ። «ቦንጋን አልፈናል። ቶሎ ውኃ ልቀቂበት።»

«ጋሼ፣ በውኃ አላጥበውም። ታች ገንዳው ሁሉ ቡና ሞልቷል።»

«ማናልሞሽ፣ እነዚህን ሰዎች ናፍጣ ላይ ላቁማቸው? ስደርስ ወለሉ ታጥቦ ካላገኘሁት ሥራሽን እንደለቀቅሽ ቁጠሪው።»

በዚያ ሰሞን ይትባረክ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል። የሱቄን ነገር ተዉት፤ ቤታችን የቆመው በእሷ ደመወዝ ነበር። ፊቷን አየሁት። የውኃውን ጎማ ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችውና «እማዬ፣ መጥረጊያ ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

ደመናው በተራራው በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነበር። ከአናጺዎቹ ያለውን ሰጋቱራ ሁሉ አስመጥታ በተነችው። ሰጋቱራው ናፍጣውን ጠጥቶ ሲጠቁር እየጠረግን በአካፋ በርሜል ውስጥ እንከታለን፤ እንደገና እንበትናለን። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ያ የሚያበራው ግቢ የአናጺ ደጃፍ መሰለ፣ ሽታውም አይቻልም።

እንግዶቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከመኪና ሲወርዱ የተቀበላቸው ይሄ ነው። የአቶ አስረስ ፊት ጠቆረ። ወደ እሷ ጠጋ አሉና ቀስ ብለው «የማደያውን ቁልፍ ስጪኝና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሏት። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«እሺ ጋሼ። ዝናቡ ሳይደርስ ግን ይሄን ልጨርስ።»

ጎንበስ ብላ መጥረጓን ቀጠለች። እኔ ብሆን መጥረጊያውን ወርውሬ፣ በስድብም አጥቤያቸው እሄድ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ። ከሥራ የተባረረች ሴት የአባራሪዋን ግቢ ጥግ ጥጉን ትጠርጋለች። እዚያው አካፋዬን ይዤ እንባዬ መጣ፤ ሐዘን አልነበረም፣ ኩራት ነበር። የመጨረሻውን አካፋ ገልብጣ በርሜሉን እንደከደነች ዝናቡ ወረደ። የቦዩን አፍ የደፈነውን ጆንያ አጥብቃ ረግጣ፣ በስብሰን ቤት ገባን። ይትባረክ ሁሉንም ከሰማ በኋላ ሻይ አፍልቶ ሰጣት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እያለን በራችን ተንኳኳ። አቶ አስረስ ናቸው። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ሆኗል። ተቀመጡ ስንላቸው አልተቀመጡም።

«ሰዎቹ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም» አሉ። «ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ሲነጋ ቦዩን ይዤ ወረድኩ። እስከ ማጠቢያው ድረስ። ገንዳዎቹን አንድ በአንድ እያሸተትኩ ዞርኩ።»

ማናልሞሽ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ምን ሸተተዎት ጋሼ?»

«ቡና» አሉ። «ቡና ብቻ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እሷ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«እንግዳ ሲመጣም በውኃ አይታጠብም» አለች።

«አይታጠብም» አሉ።

ያን ጊዜ ቁልፉን አንስታ፣ ቁርሷን እንኳ ሳትጨርስ ሥራዋ ሄደች። እኔም ሱቄን ከፈትኩ። ያን ቀን ስኳር ሊገዛ የመጣውንም ክብሪት ሊገዛ የመጣውንም፣ ወደ ማደያው በእጄ እያሳየሁ ሳልነግረው የሸኘሁት ሰው የለም፦ «ያቺ ነዳጅ የምትቀዳው የእኔ ምራት ናት።»