ከእግረኛ መንገድ የማይነበበው መስመር

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ሃያ ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሸራ ሲሠራ አንዲት ፊደል ከመስመር ወጥታበት አታውቅም። ጉራም አያጣውም፤ «ማስመሪያ የሚስተካከለው በእኔ ነው» ይላል።

የአንድ ቤቲንግ፣ ማለትም የውርርድ ድርጅት፣ ሸራ የሠራውም እሱ ነው። «ቢሸነፉም ገንዘብዎ ይመለሳል!» የሚለውን ክንድ በሚያህል ፊደል ጻፈው። ከሥሩ ድርጅቱ የላከውን አንድ መስመር በደቃቅ ፊደል አስገባ፤ «ተመላሹ ለሌላ ውርርድ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም»። እንደ ልማዱ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ ፊደል በፊደል አረመው፤ ጥርት ብሎ ታየው። ሸራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚሰቀል ያውቃል። መንገድ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ማየት ግን ትዝም አላለው።

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ በዚያ ሸራ ተማምና የስፌት መኪና መግዣ ገንዘቧን ለውርርድ አስያዘች። ተበላች። ገንዘቡ ስልኳ ላይ ቁጥር ሆኖ ተመለሰላት፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቱንም አላይ።

«አንተ የሠራኸው ነው ብዬ እኮ ነው፣ ወንድምዓለም» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አቤቱታዋ ውርርድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደረሰ። ደንቡ የማስታወቂያ ቅድመ ሁኔታ ለተመልካች በሚነበብ መጠን ይጻፍ ይላል። ተቆጣጣሪዋ እህቱን፣ የድርጅቱን ጠበቃ፣ ሚሊሜትርንና አለቃውን ሸራው ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ሰበሰበቻቸው። የማተሚያ ቤቱ ግማሽ ሥራ ከዚህ ድርጅት ነው የሚመጣው። አለቃው መኪና ውስጥ እያሉ «የበላህበትን ወጪት እንዳትሰብር» ብሎታል።

ጠበቃው የዋዛ አይደለም። «ጌታዬ፣ የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ትንሿን ጽሑፍ ከቆሙበት ያንብቡልን።»

ሚሊሜትር ቀና አለ። ከትልቁ ጽሑፍ ሥር አንድ ግራጫ ጭረት እንጂ ሌላ አይታይም። መስመሩን ግን በቃሉ ያውቀዋል! በቃሉ ቢለው ተነበበ ይባላል፤ የእህቱ አቤቱታ ይዘጋል፤ የእሱ ሥራ ይተርፋል። አለቃው «በል አንብብ» በሚል ራሱን ነቀነቀለት።

«ተመላሹ ለሌላ...» ብሎ ጀመረ።

ጠበቃው ፈገግ አለ። እህቱ አቀረቀረች። ሚሊሜትር የተከፈተ አፉን መዝጋትም መቀጠልም አቃተው። ፈራ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን በራሱ ማፈሩ በረታ።

«በቃሌ ነው የምለው» አለ።

«ምን አሉ?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«አይታየኝም! የጻፍኩት እኔ ካልታየኝ ለማን ሊታይ ነው?»

ተቆጣጣሪዋ ሸራው ዛሬውኑ እንዲወርድ፣ ቅድመ ሁኔታው ከተስፋው እኩል በሆነ ፊደል ካልተጻፈም ተመልሶ እንዳይሰቀል አዘዘች። ጠበቃው ቦርሳውን ዘጋ። አለቃው መኪናው ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ «ነገ እንዳትመጣ» አለና ሄደ።

ሚሊሜትር የሚርቀውን መኪና በዓይኑ ሸኘ። እህቱ ክንዱን ያዘችው።

«ምናለ ዝም ብለህ ብታነበው ኖሮ» አለች እያለቀሰች፤ ክንዱን ግን አልለቀቀችም።