«ሰሊጡ ይግባና» ያልኩ ሰሞን

ትኩሳቱ የጀመረኝ ሰሊጡ ሲያብብ ነው። ማታ ይነሣል፣ ጠዋት ይተወኛል። እኛ ሸሕዲ አካባቢ የምንኖር አራሾች ለወባ እንግዳ አይደለንምና ክኒን ገዝቼ ዋጥኩ። ሲመላለስብኝ ደግሜ ዋጥኩ።

ሳምንታት አለፉ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ ሰፋ። በግራ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ጠጣር ነገር ይዳሰሰኝ ጀመር። ባለቤቴ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትለኝ «ሰሊጡ ይግባና» እላለሁ። ጸሎቴም እሱው ነበር፤ «ጌታዬ፣ አዝመራው እስኪገባ አቆየኝ።» ቀትር ላይ ዳሱ ውስጥ ስጋደም ማሳው የረጋ ውኃ ይመስለኛል። ከደንቢያ ወርዶ ይህን መሬት ያቀናው፣ ከሞተ የቆየው አባቴ ከማዶ ቆሞ ያየኛል። አልፈራሁትም፤ እንዲያውም ወደሱ መሄድ ያምረኝ ነበር።

አንድ ቀን ነሰረኝ። አልቆም አለ። ጠበል እንዲረጩኝ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። እሳቸውም ሰሊጥ አራሽ ናቸው። ጎኔን ዳሰሱና፣

«ሰሊጥህ መቼ ነው የሚታጨድ?» አሉኝ።

«የታችኛው ፍሬ ሊከፈት ሲል ነዋ፣ አባ።»

«ሳምንት ብታቆየውሳ?»

«ይረግፋላ! መሬት የነካውን ማን ይለቅመዋል?»

«አንተንሳ ማን ሊለቅምህ ነው?»

አፈርኩ።

«ጠበሉም የእግዚአብሔር፣ መድኃኒቱም የእሱ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ» አሉኝ።

በዚያው ቀን ባለቤቴ በሚኒባስ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ደሜ ተመረመረ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው ካላዛር ነው። ጣፊያዬ አብጧል። ደሜ አንሷል። ሐኪሙ «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አናተርፍዎትም ነበር» አለኝ።

አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ተወጋሁ። መርፌው ያማል፤ ግን ቀስ በቀስ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እህልም ይጣፍጠኝ ጀመር፣ አንድ ጠዋት ርቦኝ ነቅቼ ባለቤቴ ቂጣ እየቆረሰች ስታጎርሰኝ አባቴ መምጣት መተዉን ልብ አልኩ፤ ደስ አለኝ፣ ናፈቀኝም።

ስንመለስ የማሳው እኩሌታ ረግፏል። ባለቤቴ እኔን ስታስታምም አጫጆቹ ወደ ሌላ ማሳ ሄደው ነበር። አዘንኩ፣ አልዋሽም። ግን ቆሜ ነው ያዘንኩት።

ወገኖቼ፣ ትኩሳታችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ግራ ጎናችሁ ከከበደ፣ የወባ ክኒን አትደራርቡ፤ ተመርመሩ። ማሳ ስታድሩ አጎበር አይለያችሁ። ላቆየኝ አምላክ፣ ለባለቤቴ፣ ለንስሐ አባቴና ለሐኪሞቹ ምስጋናዬ አያልቅም። አሁን የምጸልየው «ሳይረፍድ የምነሣበትን ቀን አሳየኝ፤ ስታሳየኝም አስነሣኝ» ብዬ ነው።

ዘንድሮ ከጎጃም የመጣ አንድ ጎልማሳ አጫጅ ሲያተኩሰው ከረመ። «ሥራው ይለቅና እታከማለሁ» አለኝ። ማጭዱን ከእጁ ተቀብዬ ሚኒባስ አሳፈርኩት፤ አብሬውም ሄድኩ። ሰሊጤ በማግስቱ ሊከፈት ነበር።