አውሮፕላን ነክታ የማታውቀው ጉንቮር

ዕድሜዋን በሙሉ ሻንጣ ስትጭን የኖረችው የጉንቮር ሃውክነስ መኪና አውሮፕላን ገጭቶ አያውቅም። ጭሮ እንኳ አያውቅም። ይህ ቀላል የሚመስለው ካለ ይምጣና ይሞክረው። የሰሜን ኖርዌይ ንፋስ ከባሕሩ ተነሥቶ እየገፋው፣ በረዶው ከሥሩ እያንሸራተተው፣ ያንን ረጅም የሻንጣ መጫኛ መኪና ከቆመ አውሮፕላን ሆድ ሥር አስጠግቶ ሳይነካ ያቁመውና ከዚያ ያውራ።

እዚያ አየር ማረፊያ ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ፤ የገጨ ኬክ ያመጣል። ጋሪም ይሁን አጥር ወይም ክንፍ፣ የገጨው ሰው በማግስቱ ኬኩን ታቅፎ ይመጣል፤ ሌላው እየበላ ያላግጥበታል። ኬኩስ ግድ የለም። ሰው የሚገድለው ማላገጡ ነው። በዚህ ደግሞ ተሳፋሪ ወደ አውሮፕላኑ በር የሚወጣበትን ባለ ሞተር ደረጃ የሚነዳውን ኦድቫርን የሚያህል የለም። አንድ ጊዜ ጋሪ የገለበጠን ሰው እስከ ዛሬ "ገልባጩ" ነው የሚለው።

ጉንቮር ጡረታ የምትወጣበት ቀን ሲደርስ ባልደረቦቿ ራሳቸው ኬክ አዘዙላት። ነጭ ነው፤ በላዩም "አንዴም አልነካችም" የሚል ተጽፎበታል። እንዲህ ያለ ኬክ እዚያ ቤት ለማንም ተቆርጦ አያውቅም። ደስታዋን አልቻለችውም። ለእህቷ ደውላ ነገረቻት፤ የምትለብሰውን ሹራብ እንኳ አጥባ አዘጋጀች።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት የመጨረሻውን ሻንጣ ጭና መኪናዋን ልታርቅ ስትል ጎማው በረዶው ላይ ሸተት አለ። የመጫኛው ጫፍ የአውሮፕላኑን ሆድ ጠቅ አደረገው። ጠቅ ብቻ።

ወርዳ ጓንቷን አወለቀችና ዳሰሰችው። ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ማንም አላያትም። ተሳፋሪው ገብቷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ኬኩ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው።

"ዛሬን ነው? ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬን?" አለች ለራሷ። እንባዋ መጣ። በበረዶው ተናደደች፣ በጎማው ተናደደች፣ ከሁሉ ይልቅ በራሷ ተናደደች። ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ በአውሮፕላኑ መስኮት አያትና እጁን አወዛወዘላት።

"ለኬኩ ብዬ ዝም ብል እኮ ይሄ ሰውዬ በእኔ ኬክ ላይ ተቀምጦ ነው የሚበረው" አለች። ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ሄዳ "ቁም" ለማለት ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አጣምራ ቆመች። ፓይለቱ መስኮቱን ከፈተ።

"ምን ሆንሽ? ረፍዶብናል።"

"ገጭቼሃለሁ።"

"የት ጋ?"

"ሆድህን።"

"ምልክት አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አትነሣም። መካኒክ ይየው።"

ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። መካኒኳ ሲኖቨ መጣች። የዚያ ዓይነት አውሮፕላን አካሉ ብረት አይደለም፤ ተደራርቦ የተጣበቀ ካርቦን ነው፤ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በሳንቲም ቀስ እያደረገች ታንኳኳው ጀመር። ጉንቮር የነካችው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሲኖቨ ግን አላቆመችም፤ ወደ በሩ እያንኳኳች ሄደች። በሩ ሥር ስትደርስ ድምፁ ድፍን አለ። ደገመችው፤ ያው ነው።

"እዚህ ጋ ውስጡ ተሰብሯል" አለች። "ያንቺ ጠቅታ ደግሞ እዚህ አይደርስም። ይሄ የቆየ ነው። ማንም ያድርገው ማን፣ ይሄ አውሮፕላን ዛሬ ባይቆም ኖሮ እንጃ።"

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ኬኩን ከበው ቆሙ። በሩ ሥር የሚጠጋው የማን መኪና እንደሆነ ለማንም አልጠፋውም።

"እኔ ነኝ" አለ ኦድቫር። "ባለፈው ሳምንት ደረጃውን ሳስጠጋ ነካሁት። ምንም አልታየኝም፤ ዝም አልኩ።"

"ለምን?" አለች ሲኖቨ።

"እናንተን ፈርቼ ነዋ። እኔ የማደርጋችሁን እንዳታደርጉኝ።"

ጉንቮር በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር። ግን እሷም ያን ጠዋት ዞር ዞር ብላ ማየቷ ትዝ አላት። ቢላዋውን አነሣችና "አንዴም አልነካችም" የሚለውን መሀል ለመሀል ሰነጠቀችው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለኦድቫር ሰጠችው።

"ብላ። ዘግይተህም ቢሆን ተናገርክ። ነገ ግን ኬክ አምጪው አንተ ነህ።"

በማግስቱ ጡረተኛዋ ጉንቮር ያጠበችውን ሹራብ ለብሳ ከአውቶቡስ ወረደች። ማረፊያ ክፍሉ ጢም ብሏል፤ ያ የቸኮለው ፓይለት እንኳ ሳህን ይዞ ቆሟል። ስትገባ ሁሉም ብድግ ብለው አጨበጨቡላት፤ ጉንጯ ቀላ። ከጠረጴዛው ላይ ኦድቫር ራሱ የጋገረው ጎባጣ ኬክ ተቀምጧል። በላዩ በጠማማ ጽሑፉ "ነካች፣ ተናገረች" ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቤት ነክቶ ለተናገረ ሰው ኬክ የሚያመጡለት ሌሎቹ ናቸው።